የአያቴ ቤት ቅርስ ሊባል ይገባዋል?

የአፍንጮ በር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አፍንጮ በር አካባቢ ያለው የአያቴ ቤት በቅርስነት እንዲመዘገብ ላመለክት አስቤአለሁ፤ አስቀድሜ ግን ምክራችሁን እፈልጋለሁ። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ ድንጋይ በጭቃ፣ ፎቁ ደግሞ የእንጨትና የጭቃ ነው። ፊት ለፊቱን ሙሉ የእንጨት በረንዳ ይዞታል፤ በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ጣውላ አለው። አያቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ፋሲካ ሲደርስ የበረንዳውን መደገፊያ አንድ በአንድ እያበሰች ታጸዳው ነበር።

ቤተሰቡ «የምኒልክ ዘመን ቤት ነው» ይላል። ካርታው የወጣው ግን ከጣልያን በኋላ ነው። ባለፈው ወር ሳሎኑን ቀለም ልንቀባ ግድግዳውን ስንፍቅ የተለጠፈ ጋዜጣ ብቅ አለ። ላይኛው የ1950ዎቹ አዲስ ዘመን ነው። ከሥሩ ሌላ አለ፤ እንዳይቀደድ ፈርቼ ተውኩት። የጓሮዎቹ ክፍሎች በ1967ቱ አዋጅ ተወርሰው ዛሬም የቀበሌ ቤት ናቸው። ወንድሞቼ ቤቱ ተሽጦ እንድንካፈል ይፈልጋሉ፤ እኔ አልፈልግም። ቤት ስላረጀ ብቻ ቅርስ ይሆናል? ከተመዘገበስ የሚያፈሰውን ጣሪያ እንዳንጠግን እንከለከላለን?

አናጢው

ልጄ፣ ጋዜጣውን አለመንካትሽ ደግ አድርገሻል። ነገር ግን ጋዜጣ የሚመሰክረው ስለ ተለጠፈበት ጊዜ እንጂ ቤቱ ስለ ተሠራበት ዘመን አይደለም። ያም ሆኖ የታችኛው ከ1917 እስከ ጠላት ወረራ ድረስ ይታተም የነበረው ብርሃንና ሰላም ሆኖ ከተገኘ፣ ቤቱ ከጣልያን በፊት መቆሙን የሚጠቁም ጥሩ ፍንጭ ነው። ማንሳቱን ለባለሙያ ተዪው።

እኔ አሮጌ ቤት ስጠግን ነው የኖርኩት። ሁልጊዜም መጀመሪያ የማደርገው ኮርኒሱን ከፍቼ እንጨቱን ማየት ነው። የሐበሻ ጥድ ነው ወይስ ባሕር ዛፍ? ባሕር ዛፍ አዲስ አበባ የገባው በ1880ዎቹ ነው፤ ለቤት መሥሪያ እስኪደርስም ዓመታት ወስዷል። ጥድ ከዚያ በኋላም ይሠራበት ስለነበር ብቻውን አይፈርድም። በመጋዝ የተሰነጠቀ ነው ወይስ በመጥረቢያ የተጠረበ? እሱንም እዪ። በድንጋዮቹ መካከል ሲሚንቶ ካገኘሽ ደግሞ የኋላ ጥገና መሆኑን ጠርጥሪ።

ከዕድሜው ይልቅ እኔ የምመዝነው ሳይለወጥ የቆየውን ነው። ደረጃው፣ በረንዳው፣ የመስኮት መዝጊያው የጥንቶቹ ከሆኑ፣ የአርመንና የሕንድ ግንበኞች ከአገሬው ጠራቢ ጋር ሆነው የፈጠሩትን የአዲስ አበባን የራሷን አሠራር ይዘሻል። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ነው፤ ደግ። የተራው ሰው ቤት ግን አስታዋሽ አጥቶ እያለቀ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሕግ አዋቂ

ስለ ጥገናው፦ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የያዘ ሰው በራሱ ወጪ የመንከባከብ ግዴታ አለበት፤ ጥገናም በፈቃድ ነው። ስለዚህ ማስፈቀድ እንጂ መከልከል የለም። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶችን በብሔራዊና በክልል ስለሚመድብ፣ ቤቱ ለአገር አቀፍ ደረጃ ባይበቃ ነገሩ በዚያ አያበቃም። ወራሾቹ ብዙ ከሆናችሁ ግን በቅድሚያ ወንድሞችሽን አግባቢ። ጣሪያውን ለጊዜው ሸራ አልብሱት፤ ጭቃ ቤትን የሚገድለው ውኃ ነው።

የፒያሳ ሰው

እኅቴ፣ የእኛ ቤት በ2016 ፈርሷል። ደረጃው ስንት መወጣጫ እንደነበረው እኔና እኅቴ ዛሬ አንስማማም። አንድም ቀን ፎቶ አላነሳነውም። የቀረኝ የዋናው በር ቁልፍ ነው፤ ከመዳፌ ይረዝማል። እባክሽ የማመልከቻውን መልስ ሳትጠብቂ እያንዳንዱን ክፍል ለኪ፣ ፎቶ አንሺ፣ ጎረቤት ያሉትን አረጋውያን ድምፅ ቅጂ።

የአፍንጮ በር ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ትናንት ኮርኒሱን ከፈትን። ታላቅ ወንድሜ ባትሪ ያዘልኝ። አግዳሚዎቹ ጥድ ናቸው፤ ሽታው እስካሁን አልጠፋም፣ የመጥረቢያው ምት እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ይታያል። ወንድሜ በጣቱ እየዳሰሰ ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ «ማን ነው የጠረበው?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም። ጋዜጣውን ፎቶ አንስቼ በንጹሕ አቡጀዲ ሸፈንኩት። ቅዳሜ ሜትር ይዞ ሊመጣ ቃል ገብቶልኛል፤ ከበረንዳው እንጀምራለን።