አልስቶም ወደ ጀነራል ኤሌክትሪክ የተዛወረው በሽያጭ ነው ወይስ በክስ ብርታት?

ጠያቂ (የኃይል ዘርፍ መሐንዲስ)፦

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ የቆየ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። በ2013 መጀመሪያ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ እያንዳንዳቸው 375 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ስምንት ተርባይኖችንና ጄኔሬተሮችን ለማቅረብ የ250 ሚሊዮን ዩሮ ውል የፈረመው የፈረንሳዩ አልስቶም ነበር። በ2019 ስለዚሁ ግድብ ተርባይኖች ውል ሲፈረም ግን የተዋዋዩ ስም ጂኢ (ጀነራል ኤሌክትሪክ) ሃይድሮ ፈረንሳይ ሆኖ እናገኘዋለን። በሁለቱ ፊርማዎች መካከል የአልስቶም የኃይል ዘርፍ ወደ አሜሪካው ጀነራል ኤሌክትሪክ ተዛውሯል፤ ሽያጩ የተነሣውም የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ አልስቶምን በጉቦ ወንጀል እየመረመረ ባለበት ወቅት ነው። አንድ መንግሥት የአገሩ ኩባንያ ተፎካካሪ የሆነን የውጭ ድርጅት በራሱ ሕግ ሲከስ፣ ክሱ የፍትሕ ሥራ ነው ወይስ የንግድ መሣሪያ? ሁለቱን የምንለየውስ በምንድን ነው?

መልስ 1 (የሕግ ባለሙያ)፦

በቅድሚያ ጉቦው የተፈጠረ ታሪክ አለመሆኑን እንያዝ። አልስቶም በዲሴምበር 2014 ጥፋተኛነቱን አምኖ 772 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፤ ጉቦ የተሰጠባቸው አገሮችም ኢንዶኔዥያን፣ ግብፅንና ሳዑዲ ዓረቢያን ይጨምራሉ። የኢንዶኔዥያ ወይም የግብፅ ሕዝብ ለኤሌክትሪክ ከሚከፍለው ላይ የተዘረፈውን ገንዘብ ረስተን ስለ ኩባንያዎች ፉክክር ብቻ ብንነጋገር ትልቅ በደል ይመስለኛል። በውጭ አገር ጉቦ መስጠትን የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግም በ1977 ሲወጣ መነሻው የአሜሪካ ኩባንያዎች ራሳቸው በውጭ አገር ይሰጡት የነበረው ጉቦ ነው። በአሜሪካ ምድር ድርጊት የፈጸሙ የውጭ ዜጎችንና ድርጅቶችን እንዲያካትት የተሻሻለው በ1998 ነው። ጎልድማን ሳክስን የመሰለ የአሜሪካ ባንክም በ2020 ከማሌዥያው የገንዘብ ቅሌት ጋር በተያያዘ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ተደርጓል።

መልስ 2 (በአንድ ባንክ የሌተር ኦፍ ክሬዲት፣ ማለትም የአስመጪዎች ክፍያ ዋስትና፣ ሠራተኛ)፦

ይህ «በአሜሪካ ምድር» የሚለው ቃል በተግባር ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ከጠረጴዛዬ ላይ የማየውን ልናገር። አንድ አስመጪ ከቱርክ ማሽን ሲገዛ ሻጩም ገዢውም አሜሪካን ረግጠው አያውቁ ይሆናል፤ ክፍያው በዶላር ከሆነ ግን በምናዘጋጀው የክፍያ ትእዛዝ ላይ፣ መካከለኛ ባንክ በሚለው ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ኒው ዮርክ ያለ ባንክ ነው። ገንዘቡ በዚያ ለደቂቃዎች ስላለፈ ብቻ የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ የዳኝነት ሥልጣን አለኝ ሊል ይችላል። ማዕቀብም የሚሠራው በዚሁ በር ነው። ዶላር የሁላችንም መገበያያ እስከሆነ ድረስ፣ ይህን በር የያዘው አገር ብቻውን የሚጠቀምበት ጉልበት አለ።

መልስ 3 (ከፓሪስ)፦

እኔ የምኖረው ጉዳዩ እስከ ዛሬ በቁጭት በሚነሣበት አገር ነው። የቀኖቹን ቅደም ተከተል ተመልከቱ። ፍሬዴሪክ ፒዬሩቺ የተባለው የአልስቶም ኃላፊ በኤፕሪል 2013 ኒው ዮርክ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ እንደደረሰ በዚሁ የጉቦ ጉዳይ ተያዘ። በዋስ የወጣው ከ14 ወራት እስር በኋላ ነው፤ እሱ ገና እስር ቤት ሳለ፣ በኤፕሪል 2014፣ የሽያጩ ድርድር ለሕዝብ ተሰማ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 19 ባለአክሲዮኖች ሽያጩን አጸደቁ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ኩባንያው ጥፋተኛነቱን አመነ። ይህ ሤራ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን የሥራ አመራሩ አባላት የመታሰር ሥጋት ባንዣበበበት ሰዓት የተደረገን ድርድር ነጻ ሽያጭ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ፈረንሳይ ግን በቁጭት ብቻ አልቀረችም። በ2016 ጠንካራ የፀረ ሙስና ሕግ አወጣች። በ2020 የአውሮፕላን አምራቹ ኤርባስ በጉቦ ሲጠየቅ ከተስማማበት 3.6 ቢሊዮን ዩሮ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የገባው ለፈረንሳይ ግምጃ ቤት ነው። ከአልስቶም ወደ ጀነራል ኤሌክትሪክ ተዛውሮ የነበረውን የኑክሌር ጣቢያ ተርባይኖች የሚሠራ ክፍልም የፈረንሳይ መንግሥት የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኢዲኤፍ በ2024 መልሶ ገዝቶታል።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሕግ ባለሙያው ያነሡት የጉቦው እውነትነት አሳምኖኛል፤ ስለዚህ ክሱ ሐሰት ነበር አልልም። ነገር ግን በፌብሩዋሪ 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የዚህ ሕግ አፈጻጸም ለ180 ቀናት እንዲቆም ያዘዙት የአሜሪካ ኩባንያዎችን ተወዳዳሪነት ይጎዳል በሚል ምክንያት ነው። በጁን የወጣው መመሪያም ዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ሲመርጥ ጉቦው የአሜሪካን ድርጅት ፍትሐዊ የመወዳደር ዕድል ነፍጎት እንደሆነ እንዲመዝን ያደርጋል። ሕጉ ማንን እንደሚነካ የሚወስነው የአገር ልጅ ኩባንያ ጥቅም ሲሆን፣ ለእኔ የፍትሕነቱ ሚዛን ተዛብቷል። አሁን አንድ የቀረኝ ነገር አለ፦ በእኛ የግንባታ ውሎች ውስጥ አቅራቢው ድርጅት በመሐል ባለቤቱ ቢለወጥ መንግሥት ውሉን እንደገና የመመርመር መብት የሚሰጥ አንቀጽ ማስገባት ይቻላል?

መልስ 1 (የሕግ ባለሙያ)፦

ይቻላል፤ የሚገባውም በጨረታ ሰነዱ ላይ ነው። ከፊርማ በኋላ ግን ያለ ተዋዋዩ ፈቃድ ሊጨመር አይችልም።