የጋራ ሰሌዳችን ላይ የትኛው በዓል ይውጣ?

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ግቢው በር ላይ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ፤ የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ በመሆኔ የበዓል መልካም ምኞት የምጽፈው እኔ ነኝ። ቀላል ሥራ ይመስል ነበር።

መጀመሪያ ሥራ የሚዘጋባቸውን ሃይማኖታዊ በዓላት ተከተልኩ፦ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ስቅለት፣ ፋሲካ፣ ሁለቱ ኢዶችና መውሊድ። (የሙስሊሞቹ በዓላት እዚህ ዝርዝር ውስጥ የገቡት ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው፤ ዝርዝሩ ከሰማይ አልወረደም።) ኢሬቻን የሚያከብሩ ጎረቤቶች ግን «የእኛስ?» አሉ፤ እውነት አላቸው። ገናንና ፋሲካን አብሮን የሚያከብረው ፕሮቴስታንቱ ጎረቤቴ ደግሞ ለመስቀል «ለመላው ክርስቲያን» ብዬ መጻፌን አልወደደም።

ቀጥዬ ስም ሳልጠራ «ለሁላችሁም መልካም በዓል» አልኩ። ይሄኛው ሁሉንም እኩል አስኮረፈ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እማማ «በዓሉ ስም የለውም እንዴ?» ብለው ደረጃው ላይ ያዙኝ።

አሁን ያሰብኩት በዓሉን በስሙ ጠርቼ ሰላምታውን ለነዋሪው ሁሉ ማድረግ ነው፤ በዐረፋ ቡና የሚጠራው ክርስቲያኑም ነውና። የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ግን ዝርዝሩ አንዴ ከተከፈተ የኅዳር ሚካኤልና የታኅሣሥ ገብርኤል ንግሥም ይከተላል ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸውን ከንቱ ነው ማለት አልቻልኩም፤ ሰሌዳው እንደሆነ አንድ ነው።

በጋራ ግቢ የምትኖሩ፣ የትኛው በዓል በሰሌዳችሁ ላይ እንደሚወጣ የወሰናችሁት በምን መለኪያ ነው?