አስቸኳይ፦ ዛሬ ጠዋት የተፈለፈሉት የኪሊፊሽ ጫጩቶች ከሥር ተኝተው ቀሩ

ጥያቄ (ከጅማ፣ ጅሬን)
ጤና ይስጥልኝ። እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ወዳጄ ከውጭ ያመጣልኝን የኖቶብራንኪየስ ፉርዜሪ (ኪሊፊሽ ከሚባሉት ትንንሽ ዓሦች አንዱ) እንቁላል ትናንት ማታ ውኃ ውስጥ ጨምሬው ዛሬ ጠዋት ሠላሳ ያህል ጫጩት ተፈልፍሎ አገኘሁ። ከአምስቱ በቀር ግን ሁሉም ወደ ላይ መውጣት አቅቷቸው በሆዳቸው ይጎተታሉ። አንዳንዱ ጭራውን እያራገበ ጥቂት ከተነሣ በኋላ እንደ ጠጠር ተመልሶ ይወድቃል። የቧንቧው ክሎሪን እንደ መረዛቸው አልጠራጠርም። ክሎሪን የሚያጠፋ መድኃኒት ጅማ ውስጥ የት ይገኛል? ያልተፈለፈለውን እንቁላልስ ልድፋው?

መልስ (ከአዲስ አበባ)
በመጀመሪያ የዓሣውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1968 ዚምባብዌ ውስጥ ከጎናሬዦ አካባቢ ተሰብስቦ በ1971 ስሙን ያገኘ ሲሆን፣ በዚያና በደቡባዊ ሞዛምቢክ ዝናብ ሲጥል በሚሞሉ፣ በጋ ሲገባ በሚደርቁ ኩሬዎች ውስጥ ይኖራል። ኩሬው ሲደርቅ ወላጆቹ በሙሉ ያልቃሉ፤ ጭቃ ውስጥ የተቀበረው እንቁላል ግን እድገቱን እያቆመ ቀጣዩን ዝናብ ይጠብቃል። ይህ ዳያፖዝ የሚባለው እረፍት በሦስት ደረጃዎች ሊከሰት ይችላል፤ በሦስተኛው ላይ ጽንሱ ሙሉ ዓሣ ሆኖ፣ ዐይኑ በቅርፊቱ ውስጥ እያበራ ውኃ ብቻ ይጠብቃል። በሞዛምቢክ ኩሬዎች ከተፈለፈለ በ2 ሳምንት ገደማ ለመራባት የደረሰ ዓሣ ተገኝቷል። በቤት ውስጥ እንኳ ዕድሜው በወራት ብቻ የሚቆጠር ስለሆነ የእርጅና ተመራማሪዎች አጥብቀው ይፈልጉታል። ስለዚህ እኅቴ፣ የያዙት ቀላል ነገር አይደለምና በጥንቃቄ ይያዙት።

መልስ (ከጅማ፣ ኸርማታ)
ውኃውን ያሳንሱት። ከሁለት ጣት አይብለጥ።

መልስ (ከሐዋሳ)
ክሎሪን ነው በሚለው አልስማማም። ክሎሪን ቢሆን ኖሮ የሁሉንም ስንጥብ ባቃጠለ ነበር፤ አምስቱን መርጦ አይተዋቸውም። የቧንቧ ውኃ አፉ በተከፈተ ዕቃ አንድ ቀን ማሳደር ጥሩ ልማድ ቢሆንም የዛሬው ችግርዎ እሱ አይመስለኝም። እርስዎ የገለጹት የአየር ከረጢታቸው (ዓሣ ውኃ ውስጥ እንዲንሳፈፍ የሚረዳው) ያልተሞላ ጫጩቶችን ነው። ውኃው ስንት ዲግሪ ነበር? ጥልቀቱስ? መያዣው ምንድን ነው?

ጠያቂዋ
ይህን መጻፍ ነበረብኝ፤ ይቅርታ። የሞቃት አገር ዓሣ ነው ብዬ ውኃውን አሙቄ 28 ዲግሪ አድርጌዋለሁ። ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ያህል ነው። መያዣው የወጥ ቤት ሳፋ ነው፤ ታጥቧል፤ ነገር ግን አሁን ወደ መስኮቱ ሳዞረው ውኃው ላይ ቀለም የሚለዋውጥ ስስ ቅባት አየሁ።

መልስ (ከድሬዳዋ)
ከላይ እንደተባለው ውኃውን ወደ ሁለት ጣት ያውርዱት። እኔም የሞከርኩት ይህንኑ ነው።

መልስ (ከሐዋሳ)
እንግዲህ ነገሩ ተገለጠ። ጫጩቱ እንደተፈለፈለ ወደ ውኃው ፊት ወጥቶ አየር ጎርሶ ከረጢቱን መሙላት አለበት። ስንዝር ሙሉ ውኃ ለእንደዚህ ያለ ደቃቅ ፍጡር ረጅም መንገድ ነው፤ ደርሶም ቢሆን ቅባቱ አየር እንዳይጎርስ ይከለክለዋል። የሞቀ ውኃም የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። በተፈጥሮ ጫጩቱን የሚቀሰቅሰው አዲስ ዝናብ ነውና፣ አርቢዎች ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ባለ ውኃ ያስፈለፍሉና ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ 25 ያደርሱታል። የጅማ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ውጭ ያደረ ውኃ ምንም ሳይጨመርበት ለዚህ ሊበቃ ይችላል።

አሁኑኑ ንጹሕ ወረቀት በውኃው ፊት ላይ ዘርግተው በማንሣት ቅባቱን ይሰብስቡ፤ ወረቀቱ ቅባት ማንሣቱን እስኪያቆም ይደጋግሙት። ከዚያ ውኃውን በቀጭን ቱቦ ይቀንሱ። ዛሬ የተፈለፈሉት ጥቂቶቹ ሊነሡ ይችላሉ። በሁለት ቀን ውስጥ ካልተነሡ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይድኑም፤ ይህን ስጽፍልዎ እኔንም ያሳዝነኛል።

እንቁላሉን ግን ፈጽሞ አይድፉት! የመጀመሪያው ዝናብ ሐሰተኛ ሆኖ ኩሬው ተመልሶ ቢደርቅ ዘር እንዳይጠፋ፣ እንቁላሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይፈለፈልም። እንቁላሉ የመጣበትን የኮኮናት ቃጫ ከነእንቁላሉ በወንፊት አጥልለው፣ ሲጨመቅ ጠብታ የማይወጣው፣ በእጅ ሲዳሰስ ግን እርጥበቱ የሚታወቅ እስኪሆን ያጠንፍፉት። በላስቲክ ከረጢት አሽገው ሁለት ሦስት ሳምንት ካቆዩ በኋላ፣ የጽንሱ ዐይን በግልጽ ሲታይ፣ በቀዝቃዛና ዝቅተኛ ውኃ እንደገና ይሞክሩ።

መልስ (ከባሕር ዳር)
የተረፉት ሲያድጉ እዚያው ጅማ ባለው ቦዬ ረግረግ ውስጥ ቢለቀቁ የወባ ትንኝ እጭ ይበሉ ነበር።

መልስ (ከአዲስ አበባ)
ይህን ሐሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ። ዓሣው እጭ መብላቱ እውነት ነው፤ የሌላ አገር ዓሣ በአገር ውኃ ላይ መልቀቅ ግን በኋላ የማይመለስ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። በዚያ ላይ ቦዬ ጉማሬ የሚኖርበት፣ ዓመቱን ሙሉ ውኃ የማይለየው ረግረግ ነው፤ የዚህ ዓሣ ሕይወት ደግሞ በሚደርቅ ኩሬ ላይ የተመሠረተ ነው። ከዘመዶቹ አንዱ የሆነው ኖቶብራንኪየስ ኑባኤንሲስ ሱዳንና ኢትዮጵያ ውስጥ እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ2009 ተገልጿል፤ የራሳችንን ማወቅና መጠበቅ ይቀድማል።

መልስ (ከጅማ፣ ኸርማታ)
አምስቱ የሚዋኙት ዛሬውኑ መብላት ይጀምራሉና ምግባቸውን አትርሱ። አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (በጨው ውኃ የሚኖር ደቃቅ ሽሪምፕ መሰል ፍጡር) ከመጀመሪያው ቀን መዋጥ ይችላሉ። የዶሮ እንቁላል አስኳል አይስጧቸው፤ ውኃውን ያበላሸዋል። አርቴሚያ ከሌለዎት እኔ ጥቂት የአርቴሚያ እንቁላል አለኝ፤ ሰፈራችን ሩቅ አይደለምና በነጻ አመጣልዎታለሁ። ቡናው ከቤት ስለማይጠፋ ዛሬ ነቅቶ ማደሩ አይከብድዎትም። ሲሰጧቸው በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሁን፤ የተረፈው አርቴሚያ በጨው አልባ ውኃ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

መልስ (ከሐዋሳ)
ጠያቂያችን፣ ቅባቱ ከተነሣ በኋላ ስንቶቹ ወደ ላይ ወጡ?

መልስ (ከጅማ፣ ኸርማታ)
እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ምላሽ አላየሁም፤ ጅሬን በኩል መብራት ጠፍቶ እንደሆነ እንጃ። ለማንኛውም አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 25 ግራም ጨው አሟሙቼ የአርቴሚያውን እንቁላል ጨምሬዋለሁ፤ የአየር መንፊያውም እየሠራ ነው። ነገ በዚህ ሰዓት ይደርሳል።