ቴሌግራም ሲዘጋ የተዘጋው በማን ላይ ነው?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይሄ ነው። የካቲት 2015 ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን የጳጳሳት ሹመት ውዝግብ ሀገር ሲታመስ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ። የተከፈቱት ሐምሌ ላይ ነው። አምስት ወር መሆኑ ነው። ብዙዎቻችን በቪፒኤን፣ እገዳውን በጎን በሚያሳልፈው መተግበሪያ፣ ነበር የምንገባው። መዝጋቱ ተገቢ ነበር ወይ? በጎን ማለፉስ? ስድብ ክልክል ነው፤ ያለፈውን ሳምንት አልረሳሁም።

ጋሽ መምህር፦ እኔ ተገቢ ነበር ባይ ነኝ። ያን ሰሞን እናስታውሰው እንጂ። ሰልፍ ተጠርቷል። ምእመኑ ጥቁር ለብሷል። ሻሸመኔ ላይ ሰው ሞቷል። የአምናው ቪዲዮ የዛሬ ነው እየተባለ ይዞራል። አንዱ ተነስቶ «እገሌ ቦታ እየታረዱ ነው» ብሎ ቢለጥፍ ማን ያስቆመዋል? ኩባንያው? ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጥቅምት 2014 ባሕር ዳር ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፌስቡክ ላይ ስማቸው እየተጠራ ነበር። ልጃቸው ጽሑፉ እንዲነሳ ደጋግሞ ማመልከቱን ተናግሯል፤ መጨረሻው ናይሮቢ ፍርድ ቤት ኩባንያውን መክሰስ ሆነ። ቤት ሲቃጠል መጀመሪያ የሚጠፋው ቆጣሪ ነው።

የሻሸመኔው፦ ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ቆጣሪው ጠፍቶም ቤት ሲነድ አይቻለሁ። ሰኔ 2012 ሃጫሉ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተቆረጠ። ሦስት ሳምንት ያህል! እኛ ከተማ ሆቴሉም ሱቁም የነደደው ኔት ጠፍቶ ነው። ወሬው በእግሩ መጣ፣ በስልክ ጥሪ መጣ። መምጣት ያቃተው ማስተባበያው ነው። አረብ ሀገር ያለችው እህቴ በዋትሳፕ ነው የምታገኘን። ከሳምንት በላይ አልቀዋል ብላ ስታለቅስ ከረመች።

ኬብል ጎታች፦ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የምታወሩት። በ2012 የተቆረጠው መስመሩ ራሱ ነው። ያኔ ቪፒኤንም አይሠራም፤ መንገድ ከሌለ አቋራጭ ከየት ይመጣል? የ2015ቱ ግን ማጣሪያ ነው። አንዱ ዘዴ፣ ስልክህ «ፌስቡክ የት ነው?» ብሎ አድራሻ ሲጠይቅ የተሳሳተ መልስ መስጠት ነው። ይሄን ዲኤንኤስህን፣ አድራሻ የሚነግርህን አገልግሎት ማለት ነው፣ ቀይረህ ታልፈዋለህ። ጠንከር ያለው ደግሞ አለ። ዛሬ ድረ ገጽ በአብዛኛው የተመሰጠረ ነው፤ ግን ግንኙነቱ ሲጀመር የምትሄድበት ገጽ ስም ብዙ ጊዜ በግልጽ ያልፋል። ፖስታው ታሽጓል፣ አድራሻው ግን ላዩ ላይ ተጽፏል። ኦፕሬተሩ ያነባል፣ ይጥለዋል። ቪፒኤን ፖስታህን ሌላ ፖስታ ውስጥ ከቶ ውጭ ሀገር ላለ ሰርቨር ይልካል። እዚህ የሚታየው የዚያ ሰርቨር አድራሻ ብቻ ነው።

ቪፒኤንም ቢሆን ከታሰበበት ተለይቶ ይታወቃል። በ2004 ቶር የሚባለው ማንነትህን ደብቆ የሚያሳልፍ መረብ እዚህ ሀገር የተዘጋው እንደዚያ ነው። ውስጡን ሳይከፍቱ፣ ግንኙነት ሲጀምር ያለውን ሰላምታ አሰጣጥ ብቻ አይተው ለዩት። የቶር ሰዎች ደግሞ ሰላምታውን የሚደብቅ መሸጋገሪያ ሰርቨር አመጡ። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ባለጫማዋ፦ እኔ ፖለቲካ አላውቅም። ጫማ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ያ አምስት ወር ገደለኝ። ደንበኛዬ ቪፒኤን አብርቶ ይገባል፣ «ኮኔክቲንግ» እያለ ይቆያል፣ ፎቶው ሳይከፈትለት ይወጣል። ዳታ ይበላል፣ ባትሪ ይጨርሳል። ግቢ ያሉት ተማሪዎች እንኳን እንደ ልባቸው ይገባሉ። ዋና ገዢዎቼ ግን እናቶች ናቸው። አንዷ ቴሌግራሙ ተበላሸ ብላ ስልኳን አስጠግናለች፣ የምሬን ነው! እኔም አንድ ግሩፕ ላይ «ፈጣን ቪፒኤን» የሚል ኤፒኬ፣ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚጫን ፋይል፣ አግኝቼ ጫንኩ። በሳምንቱ ቻናሌ የሌላ ሰው ሆነ። በእኔ ስም ቀብድ እየተቀበለ ነበር።

ጋሽ መምህር፦ አዝናለሁ ልጄ። ግን የዘረፈሽ ሌባ ነው፤ ማጣሪያው አይደለም።

ባለጫማዋ፦ በሩ ተዘግቶብኝ በመስኮት ስገባ እኮ ነው የተዘረፍኩት ጋሼ።

ኬብል ጎታች፦ እህቴ፣ ያ ቪፒኤን ሳይሆን ወጥመድ ነው። ስም ያለውም ቢሆን ሁሉ አይታመንም። ሆላ የሚባለው ነፃ አገልግሎት የተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች ሲሸጥ እንደነበር በፈረንጆቹ 2015 ታወቀ። ዩፎ ቪፒኤን ደግሞ «ምንም አልመዘግብም» ሲል ከርሞ፣ በ2020 የደንበኞቹ መዝገብ ከነይለፍ ቃሉ ሜዳ ላይ ተገኘ። ከቴሌ ሸሽተህ ማንነቱን ለማታውቀው ሰው ሁሉን ነገር ማስረከብ ነው።

ሕግ ተማሪው፦ ማን አዘዘ? በየትኛው አንቀጽ? የእኔ ጥያቄ እሱ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን መግለጽን ይፈቅዳል፤ ገደብ የሚጣለው በሕግ ነው ይላል። የጥላቻ ንግግር አዋጅ አለን፣ ቁጥር 1185/2012። ኩባንያው ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሳ ይላል። የሚያወራው ስለ አንድ መጥፎ ጽሑፍ ነው። ጋሼ ያነሱት የፕሮፌሰሩ ጉዳይ ለዚህ አዋጅ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፣ ለአምስት ወር መዝጋት ግን አይሆንም። ውዝግቡ እኮ በዚያው የካቲት በስምምነት ተቋጨ። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ የተዘጋው ምን ሊከላከል ነው?

ጋሽ መምህር፦ እሱ ላይ መልስ የለኝም። መርዘሙ አይጠቅምም። እንደ እኔ ሳምንት ይበቃ ነበር።

የሻሸመኔው፦ ሳምንት ሲባል ነው አምስት ወር የሚሆነው። በ2008ም ለፈተና ተብሎ ተዘግቶ ነበር። የፈተና ወረቀት ፌስቡክ ላይ ወጣ፣ ፈተናው ተሰረዘ፣ ሐምሌ ላይ ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ። ተማሪው ትኩረቱ እንዳይበተን ነው ተባለ። የትኩረቱ ነገር ይገርመኛል፤ ፈተናውን ያወጣው ተማሪ አልነበረም።

ዱባይ ያለሁት፦ እዚህ ደግሞ ሌላ ነው። ዋትሳፕ ጽሑፍ ይልካል፣ ጥሪው ግን አይሄድም። እንደ ቦቲም ያለ ፈቃድ ያለው መተግበሪያ መጠቀም አለብሽ። ሳዑዲ በፈረንጆቹ 2017 የኢንተርኔት ጥሪን ፈቅዳለች፣ እዚህ ግን ገና ነው። ስለ ደኅንነት የሚያወራ የለም። የስልክ ኩባንያው ገቢ ነው ነገሩ። ቪፒኤን በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ወንጀል ለመሸፈን ከተጠቀምሽበት ግን ቅጣቱ ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ነው። በቤት ሠራተኛ ደሞዝ አስቢው! የተከለከለ ጥሪ ማድረግ ወንጀል ይሁን አይሁን ማንም በቅጡ አያስረዳሽም። ልጆቹ ፈርተውም ቢሆን ያበሩታል። እናት ናፍቃ ምን ታድርግ?

ኬብል ጎታች፦ የሚያስቀው የእኛው ነው። በተዘጋበት ጊዜ መሥሪያ ቤቶች ፌስቡክ ላይ መግለጫ ይለጥፉ ነበር። ለማን ነው የሚለጥፉት? ለእኛ ለሰባሪዎቹ!

ሕግ ተማሪው፦ ስለዚህ ማለፉ ጥፋት ከሆነ መግለጫውን ማንበብም ጥፋት ነው።

ጋሽ መምህር፦ እውነቱን ልናገር። እኔም የልጅ ልጄ ጭኖልኝ በዚያው ስገባ ነበር። ሁሉም ሰው አይግባ ነው እንጂ ያልኩት፣ እኔ አልገባም አላልኩም።

የሻሸመኔው፦ 😂 ጋሼ በሉ እንግዲህ!

አወያይ፦ ተመዝግቧል። ባለጫማዋ፣ ቻናልሽ ተመለሰልሽ?

ባለጫማዋ፦ አልተመለሰም። አዲስ ከፈትኩ። አሁን ነገ ደግሞ ቢዘጋ ብዬ የሚታመን ቪፒኤን ከፍዬ ልግዛ አልኩ። ክፍያው በዶላር ካርድ ነው ይላል። የእኔ ካርድ ከሀገር አይወጣም። በቴሌብር የሚከፈል ያለው አለ?

ኬብል ጎታች፦ በቴሌብር ከፍለሽ ከቴሌ ልታመልጪ? ውስጥ መስመር ነይ፣ እናወራለን።