ኤችዲኤል ኮሌስትሮሉን ለሴል ሽፋን የሚያስረክበው እንዴት ነው?

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ የምኖር የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ስሆን አንድ ነጥብ አላራምድ ብሎኛል። ኤልዲኤል እና ኤችዲኤል ኮሌስትሮልን በደም ውስጥ የሚያጓጉዙ ጥቃቅን የስብና የፕሮቲን ቅንጣቶች ናቸው። ኤልዲኤል፣ የ1985 የኖቤል ተሸላሚዎቹ ብራውን እና ጎልድስቲን እንዳስረዱት፣ በሴሉ ገጽ ላይ ካለው ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ከነሙሉ አካሉ ወደ ሴሉ ይገባል፤ በላይሶዞም (የሴሉ መፍጫ ክፍል) ውስጥም ይፈርሳል። ይህ ግልጽ ነው።

ኤችዲኤል ግን ኤስአር-ቢ1 ከተባለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ፣ ራሱ ሳይፈርስ በእምብርቱ የያዘውን የኮሌስትሮል ኤስተር (ከስብ አሲድ ጋር የተያያዘ ኮሌስትሮል) አስረክቦ ወደ ደም ሊመለስ ይችላል። ኤስተሩ በውሃ የማይሟሟ ከሆነ፣ በቅንጣቱ ነጠላ የፎስፎሊፒድ ንብርብር እና በሴሉ ድርብ ሽፋን መካከል ያለውን ውሃማ ክፍተት እንዴት ይሻገራል? ተቀባዩ በውስጡ እንደ ቦይ ያለ መተላለፊያ አለው የሚለውን ማብራሪያ አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን ኤስተሩን ከእምብርቱ አውጥቶ ወደ ቦዩ አፍ የሚገፋው ኃይል ምን እንደሆነ አልገባኝም። እባካችሁ፣ የምታውቁ ይህን እርምጃ ብቻ በዝርዝር አስረዱኝ።