የቢሮ ኢሜይል ካስገባሁ ወዲህ ስልኬ በጣት አሻራ አልከፈት አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

ስልኬ ሳምሰንግ ነው፤ በራሴ ገንዘብ የገዛሁት። ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን የቢሮ ኢሜይል ስልካችን ላይ እንድናስገባ አዘዘን። ሳስገባ የፈቃድ ገጽ መጣ፤ ቸኩዬ "እስማማለሁ" አልኩት። ከዚያ ወዲህ የጣት አሻራው ምርጫ ደብዝዞ ቀረ። ስነካው "በአስተዳዳሪ ተከልክሏል" ይለኛል። ባለ አራት አሃዝ ፒኔም ቀርቶ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ረጅም የይለፍ ቃል ሆነ።

ትናንት ሱቅ በቴሌብር ልከፍል ነበር። ልጄን በአንድ እጄ አቅፌ፣ በሌላው አውራ ጣት ስጽፍ ሁለቴ ተሳሳትኩ። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ስክሪኔን እያየ ነበር። የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አሻራዬን ማንም አይቶ አይወስደውም፤ የይለፍ ቃሌን ግን ሰው ፊት በቀን ስንቴ እጽፋለሁ!

የቢሮውን አይቲ ስጠይቅ "ደንቡ ነው" አለኝ፣ በቃ። አሻራው እዚያው ስልኩ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ወደ ቢሮ አይሄድም። ታዲያ ምኑ ያሰጋል?

አንድሮይድ ላይ የሥራውን ለብቻ የሚለይ "የሥራ ፕሮፋይል" አለ፤ የራሱ መቆለፊያም ሊኖረው ይችላል። ኢሜይሉን አውጥቼ በዚያ በኩል ባስገባው፣ የግሌ ክፍል በአሻራ ይከፈትልኛል?

ደግሞ የፈቃዱ ገጽ ላይ "ሁሉንም ዳታ ማጥፋት" የሚል ነበረበት። የእናቴ የመጨረሻ ፎቶዎች ያሉት እዚህ ስልክ ላይ ነው። ኢሜይሉን ሳወጣ አብረው ይጠፉብኝ ይሆን? የሞከራችሁት ካላችሁ ከየት እንደምጀምር ንገሩኝ። እስከዚያ ምንም አልነካም፤ ዛሬ ማታ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ እገለብጣለሁ።