ለትንሽ ኦፕን ሶርስ ዳታቤዛችን ፋዚንግ ከየት እንጀምር?

ዮኒ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። ከጥቂት ልጆች ጋር ሆነን በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ አንድ ትንሽ ኦፕን ሶርስ ዳታቤዝ እንይዛለን፣ እንደ ኤስኪውላይት አፑ ውስጥ ገብቶ የሚሰራ ነው፣ ሰርቨር የለውም። ዩኒት ቴስቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ ግን ሰሞኑን አንድ ተጠቃሚ የተበላሸ ፋይል ላከልንና ስንከፍተው ኤረር በመስጠት ፈንታ ፕሮግራሙ ክራሽ አደረገ። ፋዚንግ ጀምሩ ተባልን፣ ማለትም ማሽኑ ራሱ የተዘበራረቀ ኢንፑት እያመረተ ኮዱን እንዲፈትነው። ሀሳቡ ገብቶኛል፣ ግን ከኤስኪውኤል ፓርሰሩ (ጥያቄውን አንብቦ ከሚተነትነው ክፍል) ነው የሚጀመረው ወይስ ከፋይል አንባቢው? ሰርቨር መከራያ ብር የለንም፣ ደሞ በአንዴ መቶ ባግ ቢዘረገፍብን ማን ሊያስተካክል ነው የሚሉ ልጆችም አሉ። እባካችሁ የሰራችበት ወይም የሰራበት ካለ።

ሜሮን፦ ዮኒ ሰላም፣ ከፋይል አንባቢው ጀምሩ፣ የተመታችሁት እዛ ነውና። የምትጽፉት አንድ ፈንክሽን ብቻ ነው፦ ባይቶቹንና ርዝመታቸውን ይቀበላል፣ ሚሞሪ ላይ እንደ ዳታቤዝ ፋይል ይከፍታቸዋል፣ ቴብሎቹን በሙሉ አንብቦ ይዘጋል፣ በቃ። ዲስክ አይንካ፣ ፍጥነቱን ይገለዋል። ክላንግ የሚባለው ኮምፓይለር ካላችሁ ሊብፈዘር የሚባለው ፈዘር (ኢንፑት የሚያመርተው ፕሮግራም) ብዙውን ጊዜ አብሮት ይመጣል። አድረስ ሳኒታይዘርን (የሚሞሪ ስህተት ሲፈጠር ወዲያው የሚያስቆመውን መፈተሻ) ግን እባካችሁ አትዝለሉ፣ ያለሱ ከባፈሩ አንድ ባይት አልፎ ያነበበ ኮድ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ያልፋችኋል።

ፈዘሩ እየቀያየረ የሚሞክራቸው መነሻ ፋይሎች ትንንሽ ይሁኑ፦ ባዶ ቴብል ያለው፣ ኢንዴክስ ያለው፣ ረጅም ቴክስት ያለው፣ ያ ተጠቃሚ የላከውም ይጨመር። ላፕቶፕ ማታ ማታ ቢሰራ ለመጀመሪያ ይበቃል፣ ያገኘውን ፎልደሩ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ መብራት ቢጠፋም ካቆመበት ይቀጥላል። የመቶ ባጉ ስጋት ይገባኛል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ክራሽ ከአንድ ስህተት ነው የሚመጣው፣ በስታክ ትሬስ (ክራሹ የደረሰበትን የፈንክሽን ሰንሰለት በሚያሳየው ዝርዝር) ከመደባችኋቸው ቁጥሩ በጣም ይወርዳል።

አቤል፦ ሜሮን ባለችው ላይ ልጨምር፣ ቴስታችን አረንጓዴ ነው የሚለው አያዘናጋችሁ። ኤስኪውላይት የኮዱን ቅርንጫፍ መቶ በመቶ የሚሸፍን ቴስት እያለው እንኳ በ2015 እ.ኤ.አ. ሚካል ዛሌቭስኪ ኤኤፍኤል በሚባለው ፈዘሩ ሞክሮት 22 ክራሽ የሚያደርጉ ኢንፑቶች አወጣ፣ ሁሉም ተስተካከሉ። ከዛ በኋላ ያደረጉት ነው ለናንተ ትልቁ ትምህርት፣ ፈዘሮች ያገኟቸውን ጠቃሚ ኢንፑቶች ሰብስበው ከመደበኛው ቴስት ጋር ሁሌ ያስኬዷቸዋል፣ ያ ደግሞ ጊዜም ሰርቨርም አይፈጅም።

ቢኒ፦ እኔ በቅደም ተከተሉ እስማማለሁ፣ ግን ክራሽ ላይ ብቻ እንዳትቆሙ። ለዳታቤዝ ከክራሽ የሚብሰው የተሳሳተ መልስ በሰላም መመለስ ነው፣ ማንም አያውቅበትማ። ለዚህ ማኑኤል ሪገርና ባልደረቦቹ የሰሩት ኤስኪውላንሰር የሚባል የዳታቤዝ መፈተሻ አለ፣ አንዱ ዘዴው ቀላል ስለሆነ ራሳችሁም ልትጽፉት ትችላላችሁ። ቴብሉን ያለ ምንም ኮንዲሽን ጠይቁና ረድፎቹን ያዙ፣ ከዛ አንድ ኮንዲሽን ውሰዱ፣ ለምሳሌ ዋጋ ከ10 በላይ የሚል፣ ሶስት ጊዜ ጠይቁ፦ እውነት የሆነበትን፣ ሀሰት የሆነበትን፣ ዋጋው ነል (ያልተሞላ) ስለሆነ መልሱ ነል የሚሆንበትን። የሶስቱ ድምር ከመጀመሪያው ጋር እኩል ካልመጣ ኢንዴክሱ ወይ ኦፕቲማይዘሩ (ጥያቄው በምን መንገድ እንዲሰራ የሚመርጠው ክፍል) አንድ ቦታ ረድፍ እየጣለ ወይ እየደገመ ነው።

ደሞ መነሻው ውስጥ አማርኛ ቴክስት አስገቡ። ፊደሎቻችን በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዳቸው 3 ባይት ናቸው፣ ሰብስትሪንግ የሚቆርጠው ኮድ ባይት የሚቆጥር ከሆነ ፊደሉን መሀል ላይ ይሰነጥቀዋል፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ቴስት ሲደረግ ይሄ በጭራሽ አይታይም።

ዮኒ፦ በጣም ነው የማመሰግነው! ሜሮን ያልሽውን ጽፈን አስኬድነው፣ ግን ከቨሬጁ (ፈዘሩ የደረሰበት የኮድ መጠን) ትንሽ ወጣና ቆመ፣ ሄደሩን አልፎ ወደ ውስጥ አይገባም። ምን ይሆን?

ሜሮን፦ ፔጆቻችሁ ላይ ቼክሰም፣ ማለትም ዳታው እንዳልተበላሸ የሚያረጋግጥ ቁጥር አለ?

ዮኒ፦ አዎ፣ እያንዳንዱ ፔጅ ላይ ሲአርሲ የሚባለው ቼክሰም አለ።

ሜሮን፦ በቃ እሱ ነው። ፈዘሩ አንድ ባይት በነካ ቁጥር ቼክሰሙ አይገጥምም፣ ኮዳችሁም በሩ ላይ ይመልሰዋል፣ የውስጡን ኮድ አይደርስበትም። ለፋዚንግ ብቻ በምትገነቡት ቢልድ ውስጥ ማረጋገጫውን በማክሮ ዝጉት፣ ወይም ሃርነሱ (ያ የጻፋችሁት ፈንክሽን) ፋይሉን ከመክፈቱ በፊት ሲአርሲውን እንደገና አስልቶ ይጻፍ። ሁለተኛው ይሻላል፣ ምክንያቱም የተገኘው ፋይል በእውነተኛው ቢልድም ክራሽ ያደርጋል፣ ለማሳየትም አያከራክርም።

አቤል፦ ይሄ ሲረጋጋ በእያንዳንዱ ፑል ሪኩዌስት (ኮድ ለመቀየር በሚቀርብ ጥያቄ) ላይ ለጥቂት ደቂቃ እንዲሮጥ አድርጉ፣ ክላስተርፈዝላይት የሚባለው መሳሪያ ለዚህ ነው የተሰራው። ፕሮጀክቱ ተጠቃሚ ሲያበዛ ደግሞ ኦኤስኤስ ፈዝ ለሚባለው የጉግል አገልግሎት አመልክቱ፣ ጉግል ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኦፕን ሶርስ በነጻ በራሱ ማሽን ያስኬዳል። ግን የተገኘ ባግ ባይስተካከልም ከ90 ቀን በኋላ ይፋ ስለሚወጣ መጀመሪያ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ጨርሱ።